መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ይውረዱ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታችን በጣም በዛ። ኢንተርኔት ለወራት በጠፋ ጊዜ መጻጻፉ ተቋረጠ፤ ከተመለሰ በኋላም ማናችንም ሳንጀምረው ቀረን። ናፍቀኸኛል። የምትረዳኝ ጉዳይም አለ።

እኛ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን የሥራ ሐሳብ ውድድር ከሚያዘጋጁት መምህራን አንዱ ሆኛለሁ። የሚፈለገው ራሱን ችሎ እየቆመ የአካባቢን ችግር የሚፈታ ሥራ ነው። ልጆቹን ብታያቸው! እኛ ፖሊ ግቢ ስንማር ሐሳባችንን ማን ጠይቆን ያውቃል? አሁን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መድረክ ላይ ወጥታ ፒች ታደርጋለች፤ ሐሳቧን በአጭሩ ለዳኞች ታቀርባለች። ከተለያዩ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፖሊ፣ ከፔዳና ከዘንዘልማ የመጡ ልጆች አንድ ቡድን ይሆናሉ። ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ እዚያ ሲናገር ሰምቼ ተደንቄያለሁ። ለዚህ ሲባል ብቻ እንኳ ውድድሩ ሊኖር ይገባል።

የሚያሳስበኝ ሐሳቡ ዶርም ውስጥ ተወልዶ ዶርም ውስጥ መቅረቱ ነው። እምቦጭን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ብዙ ተማሪ አስቦበታል። ከሰል እናድርገው፣ ባዮጋዝ እናውጣበት፣ ኮምፖስት ይሁን ይላሉ። ስላይድ ላይ ሁሉም ያምራል። አረሙ ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። መኪና ሙሉ ጭነህ ብታደርቀው የሚተርፍህ ጥቂት ነው፤ ትርፉን ማጓጓዣው ይበላዋል። ክፉኛ የወረረው ደግሞ እኛ ያለንበትን ደቡቡን ሳይሆን ሰሜን ምሥራቁን፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ነው። ከክረምት በኋላ ይስፋፋል፣ በበጋ ይሳሳል። ያን ጊዜ አረሙን የሚያቀነባብረው ማሽን ምን ይሠራል?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። እንጀራህ እምቦጭ ከሆነ እምቦጩ እንዲጠፋ ትፈልጋለህ? ይህን አንድ ቡድን ስጠይቅ ልጆቹ ተያዩና ዝም አሉ። ከዚያ ዳርቻው ድረስ ሄደው ገበሬዎቹን አነጋገሩ። ሲመለሱ ከሰሉን ትተውት ነበር። አሁን የሚያስቡት ዳርቻውን ስለሚያጸዳ፣ በተጸዳው ስፋት ልክ ስለሚከፈልበት አገልግሎት ነው። ማን ይከፍላል የሚለው ገና አልተፈታም። ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ሆነ።

ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስም የጀመሩት እንዲህ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከግቢው አጠገብ ወዳለችው ጆብራ መንደር ወርደው ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ያህል ከኪሳቸው አበደሩ። ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጠው ግራሚን ባንክ የበቀለው ከዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከባንኩ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። የእኛ ጆብራ ቅርብ ነው። ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከግቢያችን ሩቅ አይደሉም።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲለወጥ የምሟገትለት ይህ ነው። ከዳኞቹ መካከል ዓሣ አስጋሪና ደንገል ሠሪ ይኑሩ። «ቢዝነስ ሞዴል አያውቁም» ያሉኝ አሉ። ዓሣው ከመረብ ከወጣ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በዐቢይ ጾም ገበያው እንዴት እንደሚለዋወጥ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? ሽልማቱም በአንድ ቀን አይለቀቅ። ትንሹ ለጥናቱ ይሰጥ፣ ትልቁ የመጀመሪያው ደንበኛ ከተገኘ በኋላ ይምጣ። ተመራቂዎችን ብቻ ሳይሆን የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ልጆችን እንያዝ። ተመራቂዎቹ ሐምሌ ላይ በየአገራቸው ሲበተኑ ሐሳቡም አብሮ ይበተናል። የንግድ ሕጉማ ተሻሽሏል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ልጆቹ ግን ይህን የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጋሉ።

አንተ ሐዋሳ ላይ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ጋር ስትሠራ ኖረሃል። ማኅበር እንዴት እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚፈርስ አይተሃል። ሁለት ሳምንት መጥተህ ከቡድኖቹ ጋር ብትውልልኝ ደስ ይለኛል። ንግግር እንድታደርግ አይደለም፤ አብረሃቸው ወደ ዳርቻው እንድትሄድ ነው። ማደሪያህ እኛ ቤት ነው። የሚመችህን ወር በቴሌግራም ጻፍልኝና ፕሮግራሙን ባንተ ቀን እናስተካክላለን።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ከባሕር ዳር