ድሬዳዋን የመከተው ገና ያልመጣ ጦር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የካቲት 26ን፣ በ1970 ጅጅጋ አጠገብ ባለው የካራማራ ተራራ በሶማሊያ ወራሪ ጦር ላይ ድል የተገኘበትን ቀን፣ አስመልክታችሁ ያወጣችሁትን ሐተታ ከነፎቶው አየነው። ብዙ የሚያናግር ነገር አለው፤ እኔ ግን አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ ልያዝ፣ የቀረው ስህተት ሁሉ ከሷ የሚመዘዝ ስለሆነ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ በር ላይ የደረሰውን የሶማሊያ ጦር መክቶ የመለሰው የኩባ ታንከኛ ነው ብላችኋል።

በነሐሴ 1969 ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም የኩባ ተዋጊ ክፍል አልነበረም። የነበሩት ጥቂት አማካሪዎችና አሠልጣኞች ናቸው። የሶማሊያው መሪ ሲያድ ባሬ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረውን ውል ቀዶ፣ አማካሪዎቹን አባሮ፣ ከኩባ ጋርም የነበረውን ግንኙነት ያቋረጠው ኅዳር 4 ቀን 1970 ነው። ሃቫና ተዋጊ ጦር ለመላክ የወሰነችው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ወር ነው፤ ጦሩ በብዛት የገባውም በታኅሣሥና በጥር ነው። በእናንተ አቆጣጠር ከሄድን ኩባውያኑ ይላኩ ተብሎ ሳይወሰን ሦስት ወር ቀድመው ድሬዳዋ ተገኝተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፈጥኖ ደራሽ ዓለም አይቶ አያውቅም።

ማን ነበረ ታዲያ? ነሐሴ 11 ሌሊት ሶማሊያ ሜካናይዝድ ብርጌዶቿን፣ ታንኳን፣ መድፏንና ቢኤም-13 ሮኬቷን ይዛ ስትመጣ ከተማዋን የያዙት በቅጡ ሥልጠና ያልጠገበው 2ኛ ሚሊሽያ ክፍለ ጦር፣ የነበልባል ሻለቃ፣ ከ78ኛ ብርጌድ የመጣ ሻለቃ፣ አንድ ሜካናይዝድ ሻምበልና ሁለት ታንክ ብቻ የቀረው የታንክ መቶ ናቸው። ሁለት ታንክ! ሚሊሽያው ሰኔ 18 አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ታይቶ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። አየር ኃይሉ ደግሞ ነበረ። በዚህ ሁሉ መሃል የከተማው ሕዝብ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛውና የአየር ማረፊያው ቴክኒሻን በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ ስሙ አልተነሣም። እኛ ድሬዎች ለዚህ አዲስ አይደለንም። በየዓመቱ የካቲት በመጣ ቁጥር ስለ ካራማራ ይወራል፣ ስለ ሃቫና ይወራል፣ ስለ ሞስኮ ይወራል፤ ድሬዳዋ ግን ባቡር የሚያልፍባት ጣቢያ ሆና ትቀራለች። አምና ለሌላ ጋዜጣ ይኸንኑ እርማት ብንልክ «ከቦታ ጥበት የተነሣ» ተብሎ ቀረ። ለኩባ ታንክ የሚሆን ቦታ ግን አልጠፋም።

ስለ ፎቶው። ከሥሩ «የኩባ ታንክ በድሬዳዋ ግንባር» ብላችሁ ጽፋችኋል። ታንክን ለመለየት የጦር አካዳሚ መግባት አያስፈልግም፤ መንኮራኩሩን ማየት ይበቃል። የሶቪየቱ ቲ-55 አምስት ትልልቅ መንኮራኩሮች አሉት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ይታያል፤ ሰንሰለቱም ከላይ በቀጥታ በመንኮራኩሮቹ ላይ ያርፋል። በእናንተ ፎቶ ላይ ግን ሰንሰለቱን ከላይ ደግፈው የያዙ ሦስት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ የመድፉም አፍ ላይ የቲ ፊደል ቅርፅ ያለው ብረት አለ። ይህ ኤም-41 ነው። አሜሪካ ሠራሽ ነው፤ ወደ 23 ቶን ይመዝናል፤ መድፉ 76 ሚሊ ሜትር ነው፤ በንጉሡ ዘመን ለኢትዮጵያ ጦር የመጣ ነው። ፊደል ካስትሮ በአሜሪካ ታንክ ጦር አዘመተ ካላችሁ እሱን በፊት ገጽ ማውጣት ነበረባችሁ።

ጉዳዩ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን። ችግሩ ስህተቱ የጦርነቱን ትምህርት ገልብጦ ማስቀመጡ ነው። ጎረቤቱን የወረረ ጦር የቆመው ከባሕር ማዶ ሌላ ጦር ስለመጣበት ነው ከተባለ፣ ነገ ወረራ የሚያስብ ሰው ሒሳቡን የሚሠራው «ማን ይመጣብኛል?» ብሎ ብቻ ነው። የሶማሊያ ጦር ግን የተንገዳገደው ኩባውያን ከመምጣታቸው በፊት፣ በገዛ ስንቁና ነዳጁ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በሰሜኑ ግንባር ለሶማሊያ ጦር ዋናው ወደብ በርበራ ነበር። ከበርበራ ሐርጌሳ ወደ 160 ኪሎ ሜትር፣ ከሐርጌሳ ጅጅጋ ወደ 150፣ ከጅጅጋ ሐረር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። አንድ የጭነት መኪና በዚያ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ቢፈጅ፣ ጭነቱን አድርሶ ለመመለስ ለራሱ ብቻ ወደ 300 ሊትር ይፈልጋል። 36 ቶን የሚመዝን ቲ-55 ደግሞ በጥሩ መንገድ እንኳ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 200 ሊትር ይጠጣል፤ ከመንገድ ወጥቶ ኮረብታ ሲወጣ ከዚያ ይብሳል። ሠላሳ ታንክ ያለው ሻለቃ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ6 ሺህ ሊትር በላይ ያስፈልገዋል። ለ3 ሺህ ሰው ብርጌድ በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር የሚጠጣ ውሃ ብትሰጡ በቀን 15 ሺህ ሊትር ነው፤ ምግቡ፣ ጥይቱና ቁስለኛው ገና አልተነሡም። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ካራማራን ወጥቶ፣ ፋፈንን ተሻግሮ፣ የዳካታን የድንጋይ ሸለቆ አልፎ ባቢሌ የሚገባው። መኪናው ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ግራ ቀኙ ገደል ነው፤ ከላይ የሚመጣውን አውሮፕላን የሚያመልጥበት መንገድ የለውም።

እዚህ ላይ አየር ኃይሉ ይገባል። የሶማሊያ ሚግ-21ና ሚግ-17 ተዋጊ ጄቶች በቁጥር የሚናቁ አልነበሩም። አሜሪካ ሠራሾቹ የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ ጄቶች ግን ጥቂት ሆነው ሰማዩን በሳምንታት ውስጥ ያዙት፤ ሰማዩ ከተያዘ በኋላ ያ የአቅርቦት መንገድ ቀን ቀን የሚሄዱበት መሆኑ ቀረ። አብራሪዎቹ ይመሰገናሉ፣ ይገባቸዋልም። ከነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ተማርኮ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ተቀምጧል። አንድ ኤፍ-5ኢ ግን በአብራሪ ብቻ አይነሣም። በሁለቱ ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት የሚሞላ፣ ሚሳይል የሚሰቅል፣ ሞተር የሚፈትሽ ሰው አለ። አሜሪካ መለዋወጫ ባቆመችበት ወቅት ይህን ሁሉ ያደረጉት የምድር ሠራተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሐውልት አልጠየቁም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠቀስ ግን ምን ያህል ቦታ ይወስዳል?

ለእውነት ስንል ሌላውንም እንናገር፤ ጅጅጋ ወድቃለች። በመስከረም 1970 መጀመሪያ፣ አገሩ የአብዮት በዓል ሲያከብር፣ ጦሩ ከድካምና ከተስፋ መቁረጥ የተነሣ አምፆ፣ ከጅጅጋም ከካራማራም ለቆ ሸሽቷል። በካራማራ አናት ላይ የነበረው ራዳርም አብሮ ሄደ። ሽሽቱን በጽሑፋችሁ «ታክቲካዊ ማፈግፈግ» ማለታችሁ ደግነት ነው። ይሁን እንጂ የሶማሊያ ጦር ካራማራን የሚያህል በር ከያዘ በኋላ ሐረርን ሳይዝ አራት ወር አሳለፈ። ዝናብና ጭቃ ነበረ፤ ኮረብታው የሚሊሽያው ሆነ፤ ታንኩ በሰንሰለትና በመለዋወጫ እጦት መቆም ጀመረ። ከዚያ በኅዳር የሞስኮ ሰዎች ሲባረሩ መለዋወጫውም ጥይቱም አብሮ ተባረረ። አንድ ጦር የታጠቀው መሣሪያ በሙሉ ከአንድ አገር መጥቶ ሳለ፣ ያንን አገር በውጊያ መሃል ማባረር የተራበ ሰው ማድቤቱን እንደማቃጠል ነው። ጥር 14 ሐረር ላይ የተሞከረው የመጨረሻው ትልቅ ጥቃት ሲከሽፍ ኩባውያን ደርሰው ነበር፤ እሱን አልካድንም።

የመልሶ ማጥቃቱንም ድርሻ ማንም አይነፍጋቸውም። በሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ ዕቅድ፣ ካራማራን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሮ መምጣት፣ ቀላል ብረት ለበሶችን በሚ-6 ሄሊኮፕተር እያነሡ ከሶማሊያ ጦር ጀርባ ማውረድ፣ ከዚያም ጅጅጋን ከሁለት ወገን መያዝ፤ ይህ የታሰበበት ሥራ ነበር። ከ15 ሺህ በላይ ኩባውያን ተሰልፈዋል፣ ሞተዋልም። የየመን ወታደሮችም ከደቡብ የመን መጥተው ደማቸውን አፍስሰዋል፤ እነሱን ደግሞ ጨርሶ ረስታችኋል። ለሌሎች አገር ሰዎች የተቆረሰው እንጀራ እንኳ በትክክል አልታደለም።

አሁን ወደ ፖለቲካው። ሐተታችሁ ሲያድ ባሬ «ክብሩን አጥቶ ተመለሰ» ብሎ ይዘጋል። ክብሩን ብቻ ቢያጣ እድለኛ ነበር። ከወረራው በፊት የሶቪየትን መሣሪያ ይዞ፣ የአሜሪካንም ወዳጅነት እያማተረ ነበር። ድንበር ከተሻገረ በኋላ ዋሽንግተን ከኢትዮጵያ ምድር እስክትወጣ መሣሪያ የለም አለች፤ ሞስኮ ደግሞ በደቡብ የመኗ ኤደን በኩል ወደ አዲስ አበባ ተሻገረች። በአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በሐምሌ 1956 ካይሮ ላይ የተወሰነው «ከቅኝ ግዛት የተረከብነው ድንበር አይነካም» የሚለው ቃል ፊቱ ቆመ። ኬንያ፣ የሶማሊያ ባንዲራ ኮከብ አንዱ ጫፍ የሷን ሰሜን ምሥራቅ እንደሚያመለክት ስለምታውቅ፣ ከኢትዮጵያ ጎን ሆነች። ሰውዬው በበኩሉ እስከ የካቲት 1970 ድረስ «መደበኛ ጦር አላስገባሁም፣ የሚዋጉት ነፃ አውጪዎች ናቸው» ይል ነበር። ነፃ አውጪ ሚግ ማብረር ከየት ተማረ ብሎ የጠየቀው ግን ብዙ ነው።

የካቲት 30 ጦሩን አስወጣለሁ አለ። ልክ በወሩ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1970፣ ከግንባር የተመለሱ መኮንኖች ሞቃዲሾ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከሸፈ፤ 17 ሰዎች ተረሸኑ። አብዛኞቹ ከመጀርቴን ጎሳ ስለነበሩ ቅጣቱ በጎሳው ላይ ወረደ። ያመለጠው አብዱላሂ ዩሱፍ ኢትዮጵያ ገብቶ የታጠቀ ተቃዋሚ አቋቋመ። ከኦጋዴን የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በሰሜን ሶማሊያ ሲሰፍሩ፣ መሬቱና ዕርዳታው በነሱና በኢሳቅ ጎሳ መካከል ጠብ ሆነ፤ መንግሥትም ስደተኛውን አስታጠቀ። በ1973 የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ለንደን ላይ ተመሠረተ፤ ጣቢያውንም ኢትዮጵያ ውስጥ አደረገ። በመጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ሲያድ ባሬ አንዳቸው የሌላውን ተቃዋሚ ላለማስጠጋት ሲስማሙ፣ ንቅናቄው ግንቦት ላይ ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። ሐርጌሳን ያፈረሱት አውሮፕላኖች የተነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነው። ጥር 1983 ሲያድ ባሬ ሸሸ፤ ግንቦት ላይ ሶማሊላንድ ተለየች። የሐምሌ 1969 የወረራ ትእዛዝ ሒሳቡ እዚህ ድረስ ነው የሚወራረደው።

የአሸናፊውንም ሒሳብ አትለፉት። ከ6 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ወታደር ሞቷል። ደርግ በኅዳር 1971 ከሞስኮ ጋር የሃያ ዓመት ውል ፈረመ፤ ዕዳው ለትውልድ ተረፈ። ከሁሉ የከፋው ግን የተሳሳተ ትምህርት መያዙ ነው፦ ከበቂ ታንክ ጋር የማይፈታ ችግር የለም የሚል። ያንኑ ጦር በዚያው ዓመት ወደ ሰሜን አዙሮ ኤርትራን በተመሳሳይ መንገድ ለመጨረስ ሞከረ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ የወጣው ግንቦት 13 ቀን 1983 ነው፤ ከሲያድ ባሬ በአራት ወር ዘግይቶ።

ሐተታችሁ ጨርሶ ያልነካው ደግሞ አለ። በ1974 ክረምት የኢትዮጵያ ጦር ከሶማሊያ ተቃዋሚዎች ጋር ሆኖ ድንበር ተሻገረ፤ ባላምባሌንና ገልደጎብን ያዘ። ሐሳቡ ሲያድ ባሬ በአንድ ግፊት ይወድቃል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የሚጠላው ሰው ሁሉ «አገሬ ተወረረች» ብሎ ከጀርባው ቆመ፣ አሜሪካም መሣሪያ በአውሮፕላን ላከችለት፣ ከኢትዮጵያ ጋር የመጡት ተቃዋሚዎች በገዛ ሕዝባቸው ዘንድ ስማቸው ጠፋ። በኋላም መሪያቸው አብዱላሂ ዩሱፍ በዚያው ባስጠጋው ደርግ ታሰረ። ሁለቱ ከተሞች እስከ 1980 ስምምነት ድረስ በኢትዮጵያ ጦር እጅ ቆዩ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኸው ነው። የድሬዳዋን ዓረፍተ ነገር አርሙ፤ የፎቶውን ግርጌ ጽሑፍ አውርዱ፤ እርማቱንም ሐተታው በወጣበት ገጽ እንጂ ከማስታወቂያ ሥር አታውጡት። የመከላከል ጦርነት ብቻ ነው የተዋጋነው የሚለውን መዝጊያችሁን ደግሞ ልታቆዩት ከፈለጋችሁ፣ ባላምባሌና ገልደጎብን በካርታ ላይ ፈልጓቸው። ሁለቱም ያሉት ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ