ዓሣው መጨረሻ ይገባል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? እኔም አባትህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጣናም እንዳለ አለ፤ ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ለብሶ ውሎ ረፋዱ ላይ ነው ገለጥ ያለው።

እሑድ ማታ ደውለህ «እማዬ፣ የላክሽልኝ ዓሣ ገንፎ ሆነብኝ» ስትለኝ «እሳቱ በዝቶበት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሠራሩን አንድ በአንድ ነግረኸኝ ነበር። ሽንኩርቱን አቁላላህ፣ በርበሬ ጨመርክ፣ ዓሣውን ከተትክና እንደ ሥጋ ወጥ 50 ደቂቃ አንተከተከው፤ ካሮትና ድንቹ መጨረሻ ላይ ገቡ። ተገለበጠብህ እንጂ አላጠፋህም፣ የኔ ጌታ። ጥፋቱ የኔ ነው። ትንሽ ሳለህ ማጀት ብቅ ስትል «ውጣ፣ ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል!» እያልኩ የማባርርህ እኔው ነበርኩ። እህትህ ከጎኔ ቆማ ስትማር አንተ ደጅ ኳስ ትመታ ነበር። አሁን ሰው ከተማ፣ ባንድ ክፍል ቤት፣ ከሥራ ደክመህ ስትገባ ማታ ማታ ደረቅ ዳቦ በሻይ እንደምትበላ ስሰማ ያ ሁሉ ይቆጨኛል። ስለዚህ ያኔ ልነግርህ የሚገባኝን ዛሬ በወረቀት ተቀበለኝ።

ነገሩ አጭር ነው፦ አትክልቱ ቀድሞ ይበስላል፣ ዓሣው መጨረሻ ይገባል።

31 ዓመት ሳይንስ ያስተማረች እናት ምክንያቱን ሳትናገር አታልፍም። በሬ በአራት እግሩ ቆሞ የራሱን ክብደት ሲሸከም የሚኖር እንስሳ ነው፤ ሥጋው በጠንካራ ጅማት የተያያዘ ነው፤ ያ ጅማት እስኪላላ ሰዓት ይፈልጋል። ዓሣን ግን ውሃው ይሸከመዋል። የሥጋው ክሮች አጫጭር ናቸው፣ የሚያያይዘውም ስስ ሽፋን በትንሽ ሙቀት ይሟሟል። ስለዚህ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከዚያ በላይ ስታቆየው ውሃውን ይለቅና ይደርቃል፣ ወይም እንዳንተው ይበታተናል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔ የጋይንት ልጅ መሆኔን ታውቃለህ። እኛ ደጋ ላይ ገብስና ባቄላ፣ ድንችና ጎመን እንጂ ዓሣ የሚባል ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። በ1979 ዓ.ም. አባትህን አግብቼ ባሕር ዳር ስመጣ ሽታው ራሱ ያስመልሰኝ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ዓሣ ካንተው የባሰ ነበር፤ አማቴ ሳህናቸውን ሳይነኩ ገፋ አደረጉት። በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ፣ ባለቤታቸው በደንገል ታንኳ ዓሣ እያሰገሩ ይተዳደሩ የነበሩት፣ ቢላዋቸውን ይዘው መጡ። አንድ ቆረሶ የሚባለውን ዓሣ መክተፊያው ላይ አጋደሙና ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ ፍቀው፣ ሆዱን ከፍተው፣ ስንጥቡን አውጥተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥቡት ዐይኔን ሳልነቅል አየሁ። ሎሚ ጨመቁበት። «ዓሣ እንግዳ ነው ልጄ፤ ቤቱ ተሰናድቶ ሲያልቅ ነው የሚገባ» አሉኝ። ሽታው የዓሣው ሳይሆን የመቆየቱ መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳሁት። ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ዓሣ የሐይቅ ውሃ ነው የሚሸተው።

እንግዲህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ስትገባ፣ እንዲህ አድርግ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው፤ ደባልህም ይብላ። ከጉሊት አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ አንድ መካከለኛ ድንች፣ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ እስር ቆስጣ ወይም የአበሻ ጎመን፣ ሁለት ቃሪያ ግዛ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሁልጊዜ ቤትህ ይኑር። ዓሣው አጥንቱ የወጣለት፣ ሻጮቹ ፊሌቶ የሚሉት፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ይበቃል።

ልብስህን ሳትቀይር አስቀድመህ ዓሣውን በላስቲኩ እንደታሰረ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ውሃውን አንድ ሁለቴ ለውጥለት። ጠዋት ከፍሪዘሩ አውጥተህ ፍሪጅ ውስጥ ከተውከው ደግሞ ማታ ፈትቶ ይጠብቅሃል። ጠረጴዛ ላይ አውጥተህ ሥራ እንዳትሄድ፣ አደራ። አንዴ የፈታውንም መልሰህ ፍሪዘር ውስጥ አታስገባው።

አሁን ክዳን ያለው ሰፊ መጥበሻ ጣድ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። ሽንኩርቱን ሳይቀላ አቁላላው፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ጣት የሚያህል ዝንጅብል ከትፈህ ጨምር፣ እርድ ጣል አድርግበት። ካሮቱን በስሱ ክብ ክብ፣ ድንቹን ከለውዝ እምብዛም እንዳይበልጥ አድርገህ ክተፍና አስገባ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፍስስ፣ ክደን፣ እሳቱን ቀንስ። እዚህ ጋ ትዕግሥት ያስፈልግሃል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ አንተ ያለህበት አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ እኛ ጋ 94፣ እናንተ ጋ 92 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ እኔ ቤት 12 ደቂቃ የሚበቃው ድንች አንተ ዘንድ ከዚያ በላይ ቢቆይ አይግረምህ። ሰዓትህን ተወውና በሹካ ወጋው። ሹካው ያለ ትግል ሲገባ ቲማቲሙን ጨምር፣ እስኪፈርስ 5 ደቂቃ ስጠው። ቀጥሎ የተከተፈው ጎመን፤ ቆስጣ ከሆነ ግን ቶሎ ስለሚላላ ከዓሣው ጋር አብሮ ይግባ።

ቤቱ ተሰናዳ። አሁን እንግዳው ይግባ። ዓሣውን በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት አድርቀው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ነስንስበት፣ አትክልቱ ላይ እንደ አልጋ አንጥፈህ አስተኛው። ክደነው። ከዚያ በኋላ እጅህን ሰብስብ! አታማስለው፣ አታገላብጠው። ከታች የሚወጣው እንፋሎት ያበስለዋል። ቆረሶ ከሆነ 7 ደቂቃ፣ ወፍራም አምባዛ ከሆነ 12 ያህል። መስታወት ይመስል የነበረው ሥጋ ወተት መስሎ ሲነጣና በሹካ ሲነኩት ንጣፍ ንጣፉን ሲላቀቅ አውርደው። ሎሚውን ከእሳት ከወረደ በኋላ ጨምቅ፣ ቃሪያውን በጥሬው በላዩ ክተፍ።

በእንጀራም በዳቦም ይሄዳል። እኔ ግን ከፎገራ ሩዝ ጋር ነው የምወደው። ወረታ መንገድ ላይ በግራና በቀኝ ያየኸው ያ አረንጓዴ ሜዳ የሚያበቅለው ሩዝ ነው፤ ከዚያው ሜዳ ሽንኩርትም ይመጣል። ሐይቁና ሜዳው ባንድ ሳህን ሲገናኙ ደስ ይለኛል።

ስለ ዓሣዎቹ ትንሽ ልበልህ፤ ሻጩ የሰጠህን ሁሉ አትቀበል። ቆረሶ ሥጋው ነጭ፣ እሾሁ ጥቂት፣ ለጀማሪ የሚሆን ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢማም ነው፣ ስቡም ከቆረሶ ይበልጣል፤ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሲሠራ ጠረኑ ያምራል፤ ደኅና አድርጎ መብሰል አለበት። እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው ሥጋው ውስጥ ስስ እሾህ የበዛበት ስለሆነ ለሾርባ ወይም ደቆ ለዱለት እንጂ ለችኩል ሰው አይሆንም። እሱን በክረምት አልገዛም። ዝናቡ ሲበረታ ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ መረብ በወንዙ አፍ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ከዚህ ወገን ከ10 በላይ የሚሆኑት ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። እንቁላል ያዘለችውን እናት ድስት ውስጥ ማየት አልችልም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የሚባለው አረም ከታየ ወዲህ ደግሞ ሐይቁ የራሱ ሕመም አለበት።

ትኩስ ዓሣ ካገኘህ ዐይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። ዐይኑ ጎድጎድ ካለና ስንጥቡ ከጠቆረ እለፈው፤ ዋጋው ቢረክስም እለፈው። በረዶ የሆነውን ስትገዛ ላስቲኩ ውስጥ የበረዶ ክምር ካየህ አንዴ ፈትቶ እንደገና በረዶ የሆነ ሊሆን ይችላልና ሌላ ምረጥ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይበላል የሚሉህ ጓደኞች ካሉ እነሱን አትስማ፤ ዓሣ ውስጥ ትል ሊኖር ይችላል፣ የሚገድለውም እሳት ነው።

ዓሣ ባጣህበት ቀን ሱቅ የማይጠፋው የሰርዲን ቆርቆሮ አለልህ። እሱ እውነተኛ የባሕር ዓሣ ነው፤ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ጠቃሚ ቅባት እንደ ቆረሶ ካለ ስበ ቢስ ዓሣ ይልቅ እሱ ውስጥ ይበዛል። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቆስጣ አብስለህ መጨረሻ ላይ ሰርዲኑን አሙቀው፤ እሱስ ቀድሞውኑ የበሰለ ነው። ጨው ግን አትጨምርበት፤ ቆርቆሮው ውስጥ አለ።

ጨውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የአባትህ ደም ብዛት የጀመረው ካንተ ብዙም በማይበልጥ ዕድሜ ነበር፤ ያኔ ማናችንም አልነቃንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለሚበላው ሁሉ። በወረቀት የተጠቀለለችው የሾርባ ቅመም ብቻዋን ምን ያህሉን እንደምትወስድ ጀርባዋን አንብበው። ሎሚ ያለበት ምግብ ትንሽ ጨው ይበቃዋል፤ ኮምጣጣው ምላስን ይሞላል። አባትህ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አሁን ጨው የበዛበት ቤት ሲጋበዝ ውሃ ሲጠጣ ነው የሚያመሸው። አትክልትና ፍራፍሬም በቀን 400 ግራም ይመከራል፤ ከላይ የጻፍኩልህ መጥበሻ የዚያን ግማሽ ያህል ባንድ ማታ ያቀርብልሃል። ዘይቱንም ጨርሰህ አትተው፤ ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይቀበለውም።

ሐይቁ ዳር የሚጠበሰውን ሙሉ ዓሣ አልጠላም። ስትመጣ አባትህ ይወስድሃል፤ በሚጥሚጣና በሎሚ አብረን እንበላዋለን። የበዓል ነው እሱ። በየማታው ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ግን እቤትህ አልፈልግም፣ ያውም ደጋግሞ በፈላ ዘይት።

ስለ ጾም የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። በእኛ ቤት በሁዳዴ ዓሣ አይገባም፤ እንዲህ ነው ያደግኸው። በሌሎቹ አጽዋማት የሚበላ ቤት አለ፣ የማይበላም አለ፤ አንተ የንስሐ አባትህን ጠይቅና እሳቸው ያሉህን ያዝ። ዓሣው የሌለበት ያው መጥበሻ ራሱ የጾም እራት ነው፤ ሽምብራ ብትጨምርበት ይበቃሃል።

ቅዳሜ የአጎትህ ልጅ ወደዚያ ይመጣል። በካርቶን የላክሁልህ፦ 3 ኪሎ የፎገራ ሩዝ፣ ከዘጌ የመጣ ሎሚ፣ ከጓሮዬ የቀጠፍኩት የጥብስ ቅጠል፣ ያዘጋጀሁት እርድ። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ታገኛለህ። የእትዬ ነው። ከማረፋቸው በፊት ለኔ የሰጡኝ፤ ብዙ ተስሎ ስለሳሳ ለዓሣ እሱን የሚያህል የለም። ለእህትህ ነበር ያሰብኩት፤ እሷ ግን «ለሱ ላኪለት፣ እኔ ተምሬያለሁ» አለችኝ። እጅህን እንዳይቆርጥህ፣ ስለቱን ወደ ውጭ አድርገህ ያዘው፤ ታጥቦ ደርቆ ይቀመጥ፣ ይዝጋል።

ማክሰኞ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ዓሣውን ስታስገባ ደውልልኝ፤ 7ቱን ደቂቃ አብረን እናወራለን።

እናትህ
ባሕር ዳር