ወደቡ ያልተጻፈበት ኮንትራት

ልጄ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ሲና ጭጋጉ በርትቷል፤ ከጣርማ በር የሚወርደው መኪና ሁሉ ቀንም መብራት አብርቶ ነው።

ስለ አዲሱ የመርከብ ሥራ ኮንትራት የላክኸውን አንብቤዋለሁ። ደሞዙ እጥፍ ነው፣ ጉዞው ጥቁር ባሕር ነው፣ ወደቡ ግን አልተጻፈም። ደላላው በቃል «ክራይሚያ ሊሆን ይችላል፣ ችግር የለውም» አለህ። ችግር ከሌለው ለምን አይጽፈውም?

ዩክሬን በፈረንጆቹ 2014 ክራይሚያ ያሉትን የሴባስቶፖል፣ የከርች፣ የፌዮዶሲያ፣ የያልታና የዬቭፓቶሪያ ወደቦችን ዝግ ብላ አውጃለች። ሩሲያ ስለያዘቻቸው ክሬኑ ይሠራል፣ ስንዴም ይጫናል። ግን እዚያ የገባን መርከብ ዩክሬን ትመዘግበዋለች፤ ቆይቶ በእሷ ግዛት ኦዴሳ ወይም ዳኑብ ወንዝ ላይ ከተገኘ ትይዘዋለች። በ2024 የካሜሩን ባንዲራ የያዘ አንድ የጭነት መርከብ በዚሁ ምክንያት ተይዞ ካፒቴኑ በወንጀል ተጠርጥሯል። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረትም በክራይሚያ ንግድ ላይ ማዕቀብ ጥለዋል። ስለዚህ ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሊል ይችላል፤ በዶላር የሚላክልህን ደሞዝም ባንክ ሊያግደው ይችላል።

እዚያ ለመግባት ብዙዎቹ ኤአይኤስ የምትሉትን፣ መርከቡ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀውን መሣሪያ ያጠፋሉ። ጦርነት ባለበት፣ ፈንጂ በሚንሳፈፍበት ባሕር ላይ! ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለእኔ መንገር ያለብህ አንተ ነበርክ።

እኔም የተዘጋ ወደብ አውቃለሁ። በእኛ 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋብን፤ መስመሩ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ያኔ ግን «ተደብቀህ ግባ» ያለኝ የለም። ኮንትሮባንድ የጫነ መኪና ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ቤቱ ተቀምጧል፤ ኬላው ላይ የሚያድሩት ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው። መርከብም ሲታገድ እሱን እየጠበቀ ላዩ ላይ የሚቀር መርከበኛ አይጠፋም። ወራት ያልፋሉ፣ ደሞዝ የለም፣ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም።

ከመፈረምህ በፊት የመርከቡን አይኤምኦ ቁጥር ጠይቅ። ስሙና ባንዲራው ስንቴ ቢቀየር ያ ሰባት አሃዝ አይቀየርም። ኢኳሲስ የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ የባለቤቱንና የፍተሻውን ታሪክ እይ። ባለቤቱ ጥሏችሁ ቢጠፋ ወደ አገር መመለሻና እስከ አራት ወር የሚደርስ ያልተከፈለ ደሞዝ የሚሸፍን የዋስትና ወረቀትም አለ፤ ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ መርከቡ ላይ መለጠፍ አለበት። ኮፒውን ይላኩልህ። ማን እንደሰጠውም አጣራ፤ በዚህ ሥራ የውሸት ኢንሹራንስ ሞልቷል።

ደላላው ቁጥሩን ካልሰጠህ ምክንያት አትደርድርለት፤ እምቢ በለው። የቤቱ ጉዳይ እንዳያስጨንቅህ፣ ቆርቆሮው ለመስከረም ይደርሳል። እናትህ ደውል ብላሃለች።

አባትህ