አሚሎይድ ታየ ተብሎ አይፈረድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አልዛይመርና ስለ አንጎል ምስል ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ዘላችኋል፦ አሚሎይድ (በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን) ታየ ማለት ብቻውን ሰውዬው ታሟል ማለት አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. የፒትስበርግና የስዊድን ተመራማሪዎች በፔት ስካን (ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ተሰጥቶ በሚነሳ ምስል) አሚሎይድን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ማሳየታቸውን ይፋ አደረጉ። ከዚያ በፊት ይህን ክምችት በዓይን ለማየት በአብዛኛው ሰውዬው እስኪሞት ይጠበቅ ነበር። ድሉ ትልቅ ነው፣ አልክድም።

ችግሩ፣ አሚሎይድ ምንም ሳያማቸው የዕቁብ ሒሳብ ዝንፍ የማይልባቸው አዛውንቶች ላይም ይገኛል። ክምችቱ ምልክቱ ከመታየቱ ከ10 ዓመት በላይ ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ከመርሳቱ ጋር ይበልጥ አብሮ የሚሄደው ታው የተባለው ሌላ ፕሮቲን ነው። ኤምአርአይ የተባለው የማግኔት ምስል ደግሞ ለማስታወስ የሚያገለግለውን የአንጎል ክፍል፣ የሂፖካምፐስን፣ መሟሸሽ ያሳያል። እናማ ጤነኛ ሰው «ለማንኛውም ልነሳ» ብሎ ስካን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነርቭ ሐኪም ያማክር። አሚሎይድ ቢገኝበትስ ምን ሊያደርግ ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ