የዲሽ ገመዱን አትጣለው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ገመድ ልጽፍልህ መነሳቴ እኔንም አስቆኛል። ግን መጥፋቴ የጀመረው በእሱው ነው። «የሬዲዮ ንግግር ማዳመጫ ስካነር ገዛሁ፣ ለአንቴናው የቱን ኬብል ላድርግ?» ስትለኝ፣ ቅዳሜ አረፍ ብዬ በደንብ እመልስለታለሁ አልኩ። ቅዳሜ በቅዳሜ ላይ ተደረበ። ከዚያ ደግሞ ሐፍረት ያዘኝ። ይቅር በለኝ።

መልሱ ይኸውልህ፦ ቤትህ ላይ ሥራ የፈታ የዲሽ ገመድ ካለ በእሱ ጀምር።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት አርጂ-58 የሚሉትን ቀጭን ገመድ ነበር። ሻጩ «ስካነሩ 50 ኦም ነው፣ ገመዱም 50 መሆን አለበት» አለኝ፤ አመንኩት። ኦሙ ገመድና መሣሪያ እንዲጣጣሙ የሚታይ ልኬት ነው። አንቴናዋን ከመስኮት ወደ ጣሪያ አውጥቼ 15 ሜትር ዘረጋሁ። አውሮፕላኖቹ ደህና ይሰማሉ፤ የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ቅርቤ ነው። 450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ግን ጭራሽ ከመስኮቱም ባሰበት! ለካ ድግግሞሹ (ሜጋኸርዙ) ከፍ ባለ ቁጥር ገመዱ ሲግናሉን ይበልጥ ይበላል። እዚያ ላይ አንቴናዋ ከለቀመችው ሁለት ሦስተኛው ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። አውሮፕላኖቹ የሚያወሩበት ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ግማሹ ቢጠፋም ብዙም አልታወቀኝም።

የቀድሞው ተከራይ ትቶት የሄደው የዲሽ ገመድ አርጂ-6 ነው፤ 75 ኦም። ፈራሁት። ሳሰላው ግን በ50 እና በ75 አለመግጠም የሚባክነው 4 በመቶ ብቻ ነው። ለሚያዳምጥ ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ የምታስተላልፍ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። በዚያው 15 ሜትር፣ በዚያው 450 ላይ፣ ከግማሽ በላዩን ያደርስልኛል። የሚያስፈልግህ ጫፉን ከስካነሩ የሚያጋጥም አንዲት አዳፕተር ናት። ኤልኤምአር-400 የሚሉት ወፍራሙ ገመድ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ለረጅም መንገድ ካልሆነ ብርህን አታባክን። በመስኮት ላሳልፈው ብትል ደግሞ እንቢ ብሎ ይገተራል።

ይልቅ ውሃን ፍራ። ማገናኛውን እርቃኑን ትቼው ከርሞ አንድ ሰሞን ድምፁ ሰለለ። ስቆርጠው የመሃሉ መዳብ አረንጓዴ ሆኗል፣ ዙሪያው ያለው የአሉሚኒየም መረብ ነጭ ዱቄት ለብሷል። አንድ ስንዝር ጥዬ በአዲስ ማገናኛ ገጠምኩት። ከዚያ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ፕላስተር ጠቀለልኩበት፤ እንደ ሣር ቤት ክዳን፣ ከታች ወደ ላይ። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ሆዱን ጣል አድርግለት፣ ውሃው እዚያው ይንጠባጠብ።

ትናንት ቡና እየጠጣሁ የአየር መንገዳችን ፓይለት «ኢትዮፒያን ፋይቭ ዜሮ ዋን» ሲል ሰማሁት፣ ወደ አገር ቤት ሊነሳ። ስኒዬን ይዤ ቀረሁ። አንተም ቺካጎ የእኛ አውሮፕላን ይመጣልሃል። የሰማኸው ቀን ደውልልኝ፤ ካላነሳሁ ደግመህ ደውል።

ወንድምህ