የዲፕሎማሲ ክበብ፦ ጸሐፊዋ ማን ትሁን?

መስከረም ላይ የትምህርት ቤታችን ክበብ ሥራ አስፈጻሚ ሲመርጥ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰብሳቢ ወንድ፣ ምክትል ወንድ፣ ገንዘብ ያዥ ወንድ፣ ጸሐፊ ሴት። «እሷ ትያዝ፣ ጽሕፈቷ ያምራል» አለ አንዱ ከኋላ። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ከ34 አባላት 19ኙ ሴቶች ናቸው። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ አብሬ አጨብጭቤያለሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ብዙ የሚወራለት አይደለም። አንድ ሞዴል ጉባኤ፣ ማለትም ልጆች አገሮችን ወክለው የሚከራከሩበት የልምምድ ስብሰባ፣ አካሄድን። ጊኒን የወከለው ልጅ ጉንፋን ይዞት ቀረ፤ ሴኔጋልና ጋና በሰዓት ተጣሉ፤ ማይኩ ጮኸብን። በቃ።

ጥር ላይ ግን አፍሪካ አዳራሽን ጎበኘን። ፈቃዱ ሁለት ደብዳቤና ብዙ ስልክ ጠይቋል፤ አውቶቡሱም አርፍዶብናል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩትን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሲያዩ ግን ልጆቹ ዝም አሉ። እነዚህን ልጆች ዝም ማሰኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አስጎብኚው ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር እዚሁ እንደፈረሙ ነገረን። ጸሐፊያችን እጇን አወጣች። ከፈራሚዎቹ ሴት ነበረች ወይ? አልነበረችም። «ቃለ ጉባኤውንስ ማን ያዘው?» አለች። አስጎብኚው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የዓመቱ ትልቁ ነገር መጋቢት ላይ መጣ። ሁለት እንግዶች ጋብዘን ነበር። አንዷ በጡረታ ላይ ያሉ አምባሳደር፣ ሌላዋ በአንድ ኤምባሲ የምትሠራ ወጣት ዲፕሎማት። ለዚህ ቀን የግድግዳ መጽሔት አዘጋጅተናል። የራስ እምሩ ልጅ ዮዲት እምሩ፣ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አምባሳደር፣ ከላይ ናቸው። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ ያገለገሉት አምባሳደር ቆንጂት ሥነጊዮርጊስ ከሥር። ከዚያ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ፦ ሴኔጋል፣ ጅቡቲ፣ ፈረንሳይ፣ በናይሮቢ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት፣ በመጨረሻም ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንትነት። አብዛኞቹ ልጆች የሚያውቋት ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር።

መግቢያው ላይ ሰብሳቢያችን ደንግጦ «ክቡር አምባሳደር» ብሎ ጀመረ። «ክብርት» አሉት፣ ፈገግ እያሉ። «አይዞህ ልጄ፣ ከአንተ የባሱ ትልልቅ ሰዎችም ተሳስተዋል።»

ወጣቷ እንግዳ ራሷን ስታስተዋውቅ «ሁለተኛ ጸሐፊ ነኝ» አለች። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ አመለጠ። ጸሐፊነት በዲፕሎማሲ የማዕረግ ስም መሆኑን ልጆቹ ያወቁት ያኔ ነው። ሦስተኛ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ጸሐፊ፣ አንደኛ ጸሐፊ፣ ካውንስለር፣ ሚኒስትር ካውንስለር፣ አምባሳደር። መሰላሉ ይህ ነው። የእኛዋ ጸሐፊ ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች፤ ሦስቱን «ጸሐፊ» ደግሞ ከሥራቸው አሰመረችባቸው።

አምባሳደሯ ስለ ቅንፍ ነገሩን። በድርድር ላይ አገሮች ያልተስማሙበት ቃል በማዕዘን ቅንፍ ይታጠራል። ስምምነት ሲደረስ ቅንፉ ይነሣል። አንዳንዴ አንዲት ቃል እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቅንፍ ውስጥ ታድራለች። «ወንዶቹ ማታ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ይስማሙ ነበር። እኔን የሚጠራኝ የለም። ጠዋት ግን ጽሑፉን አዘጋጅቼ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ» አሉ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝና የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ትዝ አለኝ። «ይቻላቸዋል» የምትል አንዲት የአማርኛ ቃል በጣልያንኛው ግዴታ ሆና አገር አዋግታለች። ላቋርጣቸው ብዬ ተውኩት።

ጥያቄና መልስ ላይ ጸሐፊያችን ተነሣች። «ክብርት አምባሳደር፣ መጻፍ እንዲህ ትልቅ ነገር ከሆነ ወንዶቹ ለምን አይሻሙበትም?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ንግግሩን መጻፉን ቶሎ ሰጡኝ፣ ልጄ» አሉ። «የጻፍኩትን ራሴ ለማንበብ ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

በማግሥቱ ልጅቷ በደብተሯ የጻፈችውን አሳየችኝ። ፈቅዳልኝ ጥቂቱን እነሆ፦

«የተመረጥኩ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ጽሕፈቴን ስላደነቁልኝ። ትናንት ማታ ግን የዓመቱን ቃለ ጉባኤ መልሼ አነበብኩት። የወንዶቹን ሐሳብ ሙሉውን ጽፌዋለሁ። የሴቶቹን ‹ሌሎች አስተያየቶችም ተሰጥተዋል› ብዬ አልፌዋለሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። አምባሳደሯ የነገሩን መጠጥ ቤት የእኔም እጅ ውስጥ አለ ማለት ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማርክ የሚሰጥበት ነገር ስላልሆነ ደብተሩን መለስኩላት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሐሙስ የዓመቱ ምርጥ ውይይታችን ነው። የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲረቀቅ፣ የእንግሊዝኛው አንደኛ አንቀጽ ስለ «ወንዶች ሁሉ» የሚናገር የሚመስል አባባል ነበረው። የህንዷ ተወካይ ሐንሳ ሜህታ ናቸው «የሰው ልጆች ሁሉ» እንዲባል ተከራክረው ያስቀየሩት። ይህን ስነግራቸው የ10ኛ ክፍል ልጅ ኮራ ብሎ «አማርኛ ይህ ችግር የለበትም ቲቸር፣ ሰው ሰው ነው» አለ። የአማርኛውን ቅጂ አወጣን። «የሰው ልጅ ሁሉ ሲወለድ ነጻና በክብርና በመብትም እኩልነት ያለው ነው» ይላል።

«ሲወለድ?» አለች ጸሐፊያችን። «ስትወለድስ?»

አለቀልን። የአማርኛ መምህሩን ከመምህራን ክፍል ጠርተን አመጣን። አማርኛ በወል ሲናገር ግሡን በወንድ ጾታ እንደሚጠቀም በትዕግሥት አስረዱ። ግማሹ ተስማማ፣ ግማሹ አልተስማማም። በመጨረሻ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገብተነው ወጣን። ዓርብ ጠዋት የሒሳብ መምህሩ ሲገቡ እዚያው ነበር። አላጠፉትም፤ ከጎኑ ነው ያስተማሩት።

ሰኔ 17 የዓለም አቀፍ የሴት ዲፕሎማቶች ቀን ነው። ልናከብረው አስበን ከፈተና ጋር ተጋጨብን። ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የቀጣዩን ዓመት ሥራ አስፈጻሚ መረጥን። ይህኛው ሁለት ሐሙስ ፈጀ። ብዙዎቻችን ጸሐፊያችን ለሰብሳቢነት ትወዳደራለች ብለን ነበር። እሷ ግን ጸሐፊ ሆና እንደምትቀጥል ተናገረች፤ ሁለት ነገር ግን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ እንዲገባ ጠየቀች። በሰልፍ ላይ የክበቡን ሪፖርት የሚያነበው የጻፈው ሰው ይሁን፤ ሁለተኛ ጸሐፊም ይመረጥ፣ ወንድ። ሰብሳቢው ትንሽ አጉረመረመ፤ ሪፖርቱን እስካሁን ያነብ የነበረው እሱ ነዋ። ድምጽ ተሰጥቶ ሁለቱም አለፉ።

ሁለተኛ ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው ያ «ሰው ሰው ነው» ያለው ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ አስረክቦኛል። ጽሕፈቱን ለማንበብ እሱኑ መጥራት ነበረብኝ።