ስለ ዓመቱ መዝጊያ ቀን እና ካርድ ላይ ስለማይሞላ ውጤት

ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

እንደምን ሰነበታችሁ? የዓመቱ መዝጊያ በዓላችን ቅዳሜ ሰኔ 28 ቀን ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ በግቢያችን ይከበራል። በየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት እንደ ወትሮው ይሸለማሉ፤ ደብተሩና እስክሪብቶው ተገዝቶ ተቀምጧል። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ደብዳቤውን ያስረዘመብኝ ሌላ ጉዳይ ነው።

በየካቲት ወር የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ካርድ ስናድል አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ ገቡ። ከዚህ ቀደም ሁሌም በጣታቸው ነበር የሚፈርሙት። ስለዚህ እኔም ገና ሳይቀመጡ የአሻራውን ቀለም ክዳኑን ከፍቼ ወደ እሳቸው ገፋ አደረግሁት። እሳቸው ግን ቀለሙን ዞር ብለውም አላዩት። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና «እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ወዲያው ግን አልጻፉም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ስሜን በሐመሩ ሐ ነው ያስተማረችኝ፤ መታወቂያዬ ላይ ግን ሀሌታው ሀ ነው ያለው። የትኛውን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ስንት የተማረ ሰው ይጠይቃል? መታወቂያቸውን አንብበዋል፤ ካነበቡት ጋር ልጃቸው ያስተማረቻቸውን አስተያይተዋል፤ ልዩነቱንም አግኝተዋል። እኔ ደግሞ ቀለም ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ደስ ያለዎትን ይጻፉ አልኋቸው። የልጃቸውን መረጡ። ሦስት ፊደል ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ እስክሪብቶውን ከመጫናቸው የተነሳ ጽሑፉ ካርዱን ገልብጠው ከጀርባው በጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ልጅቱ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዚያ መንፈቅ ዓመት ሠላሳ አንደኛ ወጥታለች።

ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። ይህችን ግን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፦ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናታቸው ከዋርካ ሥር ከተቀመጡት አንዷ ነበሩ። አገሪቱ ለዚያ ሥራ የዩኔስኮን ሽልማት እንደተቀበለች በየመጽሐፉ ተጽፏል። እኒያ እናት ግን ጥቂት ፊደላትን እንደቆጠሩ ኑሮ አስተዋቸው፤ ቀጥሎ የ1977ቱ ድርቅ መጣ፤ እሱን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በአያት የተቋረጠውን የልጅ ልጅ ማታ ማታ ምድጃ ዳር በከሰል ጨረሰችው። ሽልማቱን ለማን እንደምንሰጥ ቸግሮኛል።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን በዓል ለአሥራ አንድ ዓመት የመራሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ሁለት ተማሪ ካለበት ክፍል ሦስቱን ጠርተን እንሸልማለን፤ አርባ ዘጠኙ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት በየክፍሉ ግድግዳ ለጥፈናል፤ ሲሄድ ግን ቆመን አይተነው አናውቅም።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ስለ ሟቹ የምናነሳውን እስቲ አስታውሱ። ስለ ሀብቱ የሚያወራ እምብዛም የለም። «የቅሬውን ድንኳን ሳይጠሩት መጥቶ ካስማ የሚመታው እሱ ነበር» ይባላል፤ «የእሷን ቡና ሳይጠጣ በደጇ ያለፈ የለም» ይባላል። ሁላችንም እያየን ነበር ማለት ነው። ሰውዬው ግን አልሰማም።

ስለዚህ ዘንድሮ በየክፍሉ በር አንድ አንድ ጠረጴዛ ይወጣል፤ ላዩም ላይ ባዶ ደብተር ይቀመጣል። ወላጅ ሁሉ ስለ ልጁ፣ ስለ ጎረቤቱ ልጅ ወይም ስለ ሌላ ወላጅ ዓመቱን ሙሉ ያየውን አንድ ነገር ይጽፍበታል። ጽሕፈት ለሚያስቸግረው የክፍሉ መምህር ይጽፍለታል። ያለፈው ክረምት ጅረቱ ሲሞላ የራሱን ልጅ ካሻገረ በኋላ ተመልሶ የሰው ልጆችን በጀርባው ያመላለሰ አባት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ያዩት ይጻፉት። የጥበቃ ሠራተኛችን ሰዓታቸውን በሬዲዮ እያስተካከሉ ያንን አሮጌ የመኪና ቸርኬ አንዲት ደቂቃ ሳያሳልፉ እንደሚደውሉ እኔው ራሴ እጽፋለሁ። የአምስተኛ ክፍሉ ልጅ ደግሞ ሒሳብ ከአሥር ሦስት ያመጣ ነበር፤ አሁን አምስት ደርሷል። አምስት ትንሽ ናት የሚል ካለ ከሦስት ወደ አምስት የሚወስደውን መንገድ ያልሄደበት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ አታጋንኑ። «ልጄ በሁሉም ነገር ጎበዝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንቀበልም። በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ የትና መቼ እንደሆነ ጨምራችሁ ጻፉ። ለዚህ ሽልማት የለም፤ ከበዓሉ መጨረሻ ላይ መምህራን ከየደብተሩ ያነባሉ፤ ያ ብቻ ነው። ስሙ እንዲነበብ የማይፈልግ ሰው አስቀድሞ ይንገረን።

የተማሪ መጽሐፍ ያልመለሳችሁ በዚያው ቀን ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን። ካርድ የምትፈርሙትም በዚያው ዕለት ነው። የአሻራው ቀለም እንደተለመደው ይኖራል፤ በእሱ መፈረም አያሳፍርም፤ ክዳኑን ግን ጠያቂ ሳይመጣ አልከፍትም። እስክሪብቶው በክር ከጠረጴዛው እግር ጋር ይታሰራል፤ በየካቲት ሁለት ጠፍተውብናል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር